በስፌት የተደበቀ ሆድ

ጠመኔ የሰው ወገብ ልክ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ትከሻ ይላል፣ ደረት ይላል፣ የእጅጌ ርዝመት ሲለካማ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማል። ወገብ ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ብቻ ጫር አድርጎ ያልፋል። ደንበኛው «እንዴት ነው፣ ጨመርኩ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ያው ነህ፣ ምን ትሆናለህ!»

ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንድ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጦ ሰፍቷል። ቁራጭ ጠመኔ ከጆሮው ጀርባ ስለማይጠፋ የወጣለት ስም እናትና አባቱ ያወጡለትን አስረስቶታል። ወገብ ያለመናገርን ጠባይ የተማረው ከአሠሪው ስህተት ነው። ገና ቁልፍ መትከል በሚለማመድበት ጊዜ አሠሪው አንድ ሙሽራ ሲለኩ ሚዜዎቹ በተሰበሰቡበት «ወገብ መቶ አሥራ ስምንት!» ብለው ለቀቁት። ሚዜዎቹ ሳቁ። ሙሽራውም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ወጥቶ ልብሱን ሌላ ቤት አሰፋ። ሚዜዎቹም ተከተሉት። አምስት ሙሉ ልብስ በአንድ ቁጥር ከእጃቸው ወጣ።

ጠመኔ ከዚያ ወዲህ ለራሱ ሕግ አወጣ። ከሕጉም አልፎ አንዲት የምስጢር ቸርነት ጨመረበት። ደንበኛ ሱሪውን ሊያስተኩስ ወይም የረገፈ ቁልፍ ሊያስተክል ሲያመጣ ጠመኔ የወገቡን ስፌት ያያል። ጨርቁ ተወጥሮ ክሩ ካፈጠጠ፣ ከኋላ ያለችውን ስፌት ይፈታል፤ ወደ ውስጥ ከታጠፈው ትርፍ ጨርቅ ጣት ያህል ይለቅለታል፤ መልሶ ይሰፋል፣ ይተኩሳል፣ ትንፍሽ አይልም። ደንበኛው በማግስቱ ሱሪውን ሲያጠልቀው እንደ ድሮው ልክክ ይልለታል። «እኔ እኮ የሚወፍር ሰውነት የለኝም» እያለ በየሄደበት ያወራል። በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ የሚል ወንድ የበዛው ሰዎቹ ስለማይወፍሩ ሳይሆን የጠመኔ መርፌ ስለማያርፍ ነበር።

ከኮሪደሩ ማዶ፣ በር ለበር፣ ፀጉር አስተካካዩ አለ። ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት ይጀምራል፣ ማታ ሲዘጋ ያቆማል፣ መሃል ላይ ዕረፍት የለውም። ከጠመኔ ጋር በር ለበር ያረጁ ናቸው። ጠመኔ ፂሙን የሚላጨው እዚያ ነው፤ ሬዲዮ ልብሱን የሚያሰፋው እዚህ ነው። ቀኑ የሚከፈተውም በስድብ ነው።

«አንተ ጠመኔ፣ ዛሬም አልሞትክም?»

«አንተን ማን ይቀብርልኛል ብዬ ቆየሁ።»

«እኔን? እኔን ለመቅበርማ መጀመሪያ ዝም ማሰኘት አለብህ።»

ባለፈው አንድ ዓመት በሬዲዮ ላይ ሁለት ነገር ተጨምሮበታል። አንደኛው ቦርጭ ነው። ነጩ ጋውኑ ከፊት ለፊቱ ከፍ ብሎ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠው ደንበኛ ቀድሞ መስታወቱን ይነካ ጀመር። «ተመችቶሃል» ሲሉት ደስ ይለዋል፤ ሆዱን በሁለት እጁ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። «ይቺ የዱሮዬ ናት» ይላል፤ «ይኸው ሱሪዬን እዩት፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ያው ልኬ ነው።»

ሁለተኛው ሽንት ቤት ነው። ለዚህ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ይመስክር። አንድ ቅዳሜ ግራ ጉንጩ ተላጭቶ ቀኝ ጉንጩ ገና በአረፋ እንደተለበጠ ሬዲዮ «አንዴ መጣሁ» ብሎት ወጣ። ተመልሶ ምላጩን አነሳና ሁለቴ ጫር ጫር እንዳደረገ እንደገና «አንዴ መጣሁ»። በሦስተኛው ላይ ሰውየው ምድጃ ውስጥ የተወው ዳቦ ትዝ አለውና አረፋውን በፎጣ ጠርጎ በግማሽ ፂሙ ሮጠ። ያን ቀን ዳቦ የገዛ ሰው በስተግራ ሲያየው አንድ ሰው፣ በስተቀኝ ሲያየው ሌላ ሰው እየሆነበት ግራ ገብቶት ሄዷል።

«ሻይ ነው» አለ ሬዲዮ። «ሻይ አብዝቼ ነው።» ሻዩን ተወ። ምልልሱ ግን አልተወውም።

ታዲያ በዚያ ሰሞን የሬዲዮ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ የምትመረቅበት ቀን ተቆረጠ። አንድ ልጁ ናት። በማግስቱ ሬዲዮ ኮሪደሩን በሁለት እርምጃ ተሻግሮ ጠመኔ ፊት ቆመና እጆቹን ዘረጋ።

«ለካኝ። ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ፎቶው ላይ አባቷ የትኛው ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳይኖር።»

«በመስታወት አይተሃል እንዴ ራስህን? የሚያስጠይቅማ ምንም የለህም» አለ ጠመኔ፤ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ሳበ።

ትከሻውን ለካ። አንገቱን ለካ። አንገቱ ላይ ቆም አለ። የድሮው ልክ ደብተሩ ላይ አርባ ሁለት ነው፤ አሁን ሠላሳ ዘጠኝ። ደረቱም ቀንሷል። ክንዱ ላይ ሜትሩን ሲያዞረው የሸሚዙ እጅጌ ትርፍ ሆኖ ተጨማደደ። ከዚያ ወደ ወገቡ ወረደ። ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ አደረገ። ዘጠና ስምንት የነበረው መቶ አሥራ ሁለት ሆኗል።

የገረመው ግን ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። የወፍራም ሰው ሆድ ሜትር ሲያርፍበት ገባ ይላል፤ ስብ ታዛዥ ነው፣ ቦታ ይለቃል። ይኼኛው አልታዘዘም። ከእምብርቱ በታች እንደተነፋ ኳስ ድርቅ ብሎ ሜትሩን መለሰበት።

«እንዴት ነው፣ ጨመርኩ?» አለ ሬዲዮ።

«ያው ነህ» አለ ጠመኔ፤ አፉ ስለለመደ።

ሬዲዮ «አንዴ መጣሁ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሲፈጥን ጠመኔ ሜትሩን ጥፋተኛ አደረገው። የጨርቅ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሜትር ደግሞ ሁሉን ነገር አሳንሶ ያነባል። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከብረት ማስመሪያው ጋር አስተያየው። እውነትም አንድ ጣት ያህል ረዝሟል! ትልቅ እፎይታ ተሰማው። እፎይታው አንድ ደቂቃ አልቆየም። ቆይ እንጂ፣ አለ በልቡ፤ የተለጠጠ ሜትር አንገቱን ካሳነሰ ወገቡንም ማሳነስ ነበረበት። ወገቡ ግን ጨምሯል። እንዲያውም እውነተኛው ወገብ ሜትሩ ካለው ይበልጣል ማለት ነው። አንገቱስ? በሜትር ተኩል ላይ የመጣች የአንድ ጣት ስህተት ተከፋፍላ አንገት ላይ ስትደርስ የጣት ሩብ ያህል ብቻ ናት። አንገቱ የከሳው በእውነት ነው።

ጠመኔ ሐኪም አይደለም፤ ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ወፍራም ሰው አልብሷል። ውፍረት የት የት እንደሚሄድ ያውቃል። ኮሌታ ያንቃል፣ እጅጌ ይሞላል፣ ኮቱን ከጀርባ ይወጥራል፣ የሱሪ ጭን ይበላል። ሆዱ ብቻ እየገፋ አንገቱና ክንዱ የሚቀጥን ወፍራም በእጁ አልፎ አያውቅም።

ከዚያ ነው ያቺ ስድስት ዓመት የሞላት ሱሪ ትዝ ያለችው። እንዴት ያው ልኩ ሆነች? በጣቱ ቆጠረ። በዓመቱ መጀመሪያ ለመተኮስ መጣች፤ ሁለት ጣት ለቀቀላት። ከሦስት ወር በኋላ ዚፑ ተበላሸ፤ ሁለት ጣት። ከዚያ እንደገና። ባለፈው ወርማ ትርፉ ጨርቅ ስላለቀበት ከሌላ ቁራጭ ሽብልቅ አስገብቶ ነው ያሰፋት። አራት ጊዜ። በየጊዜው ትንሽ ስለነበረች ደምሯት አያውቅም። አሁን ሲደምራት ላብ ላብ አለው። ለሬዲዮ ሆዱ መግፋቱን ሊነግረው የሚችል አንድ ነገር ቢኖር ሱሪው ነበር፤ ያንን ሱሪ ደግሞ ዝም ያሰኘው ጠመኔ ራሱ ነው።

ለምሳ ቤቱ ሄዶ ሲበላ ሚስቱ ፊቱን አየችው።

«ምን ሆነሃል? ምግቡን መርፌ እንደጠፋበት ሰው ታገላብጠዋለህ።»

ነገራት፤ ከሬዲዮ አንገት ጀምሮ እስከ ሽብልቁ።

«ታዲያ ንገረዋ!»

«ሱሪውን ሳሰፋ እንደኖርኩ ልንገረው?»

«አዎ።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም አላወቀብኝም እኮ።»

«ሰውየው ታሞ ከሆነ ያንተ ሠላሳ አምስት ዓመት ምን ያደርግለታል?» አለችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ የኔንም ቀሚስ ታሰፋለህ እንዴ?»

ጠመኔ አንገቱን ደፍቶ በፍጥነት መብላት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩን ተሻገረ። ሬዲዮ ዳቦ ጋጋሪውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አረፋ እየቀባው ነበር። ጠመኔ በሩ ላይ ቆሞ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ስማ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብህ» አለው።

«ምነው፣ ኮቱ አልወጣልህም? ጥፋቱን በኔ ልታሳብብ ነው?»

«አንገትህ ከስቷል። ክንድህ ከስቷል። ሆድህ ብቻውን እየገፋ ነው። ይሄ ውፍረት አይደለም።»

ሬዲዮ ሳቀ። ለዳቦ ጋጋሪው በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሰው። «ሰማህ? ልብስ ሰፊው ዶክተር ሆኖልሃል። ይኸውልህ ወንድሜ፣ ሆዴ ቢገፋ ኖሮ ይሄ ሱሪ ይገባኝ ነበር? ስድስት ዓመት! ያው ልኬ!»

«ያው ልክህ አይደለም» አለ ጠመኔ። ድምፁ ቀነሰ። «እኔ ነኝ ሳሰፋው የኖርኩት።»

ሬዲዮ ብሩሹን እንደያዘ ዞረ። ጠመኔ ጠጋ ብሎ የሱሪውን ወገብ ከኋላ ገልበጥ አደረገና በመስታወቱ እንዲያይ አዞረው። የድሮዎቹ ስፌቶች የመርፌ ቀዳዳ በተርታ ይታያል፤ አንድ መስመር፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ መሃል ላይ ቀለሟ ትንሽ የጠቆረች ባዕድ ጨርቅ።

«ስንት ጊዜ?» አለ ሬዲዮ።

«አራት።»

«በስንት ጊዜ ውስጥ?»

«በአንድ ዓመት።»

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱ ላይ አረፋው እየደረቀ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ሬዲዮ ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ሠላሳ ዓመት ፊትህን ላጭቼሃለሁ። ጉንጭህ ላይ የማይሆን ነገር ሲበቅል ባይ፣ እንዳታፍርብኝ ብዬ በአረፋ ሸፍኜው አልፋለሁ?»

ጠመኔ ወደ በሩ መለስ ብሎ ቆመ። ሬዲዮ ዳቦ ጋጋሪውን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ላጨው፤ መሃል ላይ ሁለቴ ወጥቶ ተመለሰ፤ «አንዴ መጣሁ» እንኳ አላለም። ዳቦ ጋጋሪው ሲወጣ ጠመኔን «ሰውየውን ምን አደረግከው?» አለው በሹክሹክታ። «ዝም ሲል እኮ ምላጩ ያስፈራል።»

የሬዲዮ ሚስት ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ጠመኔ ዞሮ ለእሷ ነገራት። መምህርት ሆና የኖረች ሴት ናትና ነገሩን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ሰበሰበችው። ለካ ምግብ ካስጠላው ከርሟል። ለካ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ ይነሳል፤ ቆሞ ቆሞ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማታል። ለካ ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ ታስሮበት የዋለ ይመስላል። «እኔ ደግሞ እርጅና ነው ብዬ!» አለች። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ጠመኔም መኪናውን ሸፍኖ ከኋላ ከኋላቸው ሄደ፤ ና ያለው የለም፤ ሂድ ያለውም የለም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት እርስ በርሱ እያሻሸች የምታሞቅ። ሬዲዮን አልጋው ላይ አስተኛችው። ሲተኛ ቦርጩ እንደ ቦርጭ ወደ ጎንና ወደ ጎን አልፈሰሰም፤ ከእምብርቱ ዙሪያ እስከ ታች ድረስ እንደ ጉልላት ቆሞ ቀረ። ሐኪሟ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ሲነካ ያምዎታል?»

«አያመኝም። ሽንቴን የመጣ ያስመስለዋል እንጂ።»

«ሲሸኑ ይጨርሳሉ?»

«ልጄ፣ በቀን ሃያ ጊዜ እሄዳለሁ እኮ።»

«መሄድዎን አልጠየቅኩም፣ አባቴ። መጨረስዎን ነው።»

ሬዲዮ አሰበ። ምናልባት በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ጨርሼ... አላውቅም» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዕጢ ነው አይደል? እውነቱን ንገሪኝ» አላት።

«እውነቱን የምነግርዎ ካየሁት በኋላ ነው» አለችው። «ሆዱ ያበጠ ሰው ሁሉ ስብ ወይም ዕጢ አለበት ማለት አይደለም። ውሃ የሚቋጥር አለ፣ አየር የሚይዘው አለ፣ ሰገራ የሚደርቅበት አለ፣ ጉበቱ ወይም ጣፊያው የሚያድግበት አለ። ሴት ቢሆኑ ማህፀንዎንም እጠረጥር ነበር።» መምህርቷ «ከዚህስ እግዜር አውጥቶታል» ብላ ሳቀች።

በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ሐኪሟ አንድ ትልቅ ጥቁር ክብ አሳየቻቸው። የሽንት ፊኛ ነው አለች። ከፊኛው በታች፣ የሽንቱን ቱቦ ከብቦ የሚቀመጥ ፕሮስቴት የሚባል ነገር ወንድ ሁሉ አለው፤ ሰው ሲያረጅ ያብጣል፤ ሲያብጥ መውጫውን ያንቃል። ፊኛው ባዶ መሆን ሲያቅተው ቀስ እያለ፣ በወራት ውስጥ ይለጠጣል። ቀስ ብሎ ስለሆነ አያምም። የሞላ በርሜል ከአፉ እንደሚፈስሰው ጠብ ጠብ የምትለዋ ትርፉ ብቻ ናት። «እና ይሄ ቦርጭ...» አለ ሬዲዮ፤ አልጨረሰውም።

«ቦርጭ አይደለም፤ ሽንት ነው።»

ቱቦ አስገባችለት። ነርሷ ከአልጋው ሥር ያንጠለጠለችው ከረጢት ሞላ፤ ቀየረችው፤ ሞላ፤ እንደገና ቀየረችው። ከመጋረጃው ውጭ የቆመው ጠመኔ የሚሰማው የነርሷን ቆጠራ ነበር። ሦስት ሊትር አለፈ። ከመጋረጃው ኋላ የመምህርቷ ድምፅ መጣ፤ ማልቀስና መሳቅ የተደባለቀበት።

«ሦስት ሊትር! አሥር ወር ሙሉ ቅባት ቀንስ፣ ዳቦ ቀንስ እያልኩ የጨቀጨቅኩህ ለሽንት ነው?»

«እኔ ደግሞ ተመችቶሃል ሲሉኝ አመሰግን ነበር» አለ ሬዲዮ። «ቸብ ቸብ እያደረግሁ!»

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከረጢቱን ይዛ ወጣች።

ሳቁ ግን ሐኪሟ የደም ምርመራውን ወረቀት ይዛ እስክትመለስ ነበር። የታሰረው ሽንት ወደ ኋላ ኩላሊቶቹን ሲገፋ ከርሟል፤ ኩላሊት ምን ያህል እንደደከመ የሚናገረው ቁጥር መሆን ካለበት ስምንት እጥፍ ሆኗል። ክሳቱም፣ ምግብ ማስጠላቱም፣ የእግሩ ማበጥም ከዚያ ነው። «መንገዱ ተከፍቷል» አለች። «ኩላሊቱ ያገግማል ወይስ ተጎድቶ ቀርቷል የሚለውን ግን ዛሬ ማወቅ አልችልም። እዚሁ ይተኛና በየቀኑ ደሙን እናያለን።»

ጠመኔ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ነግሮት ቢሆን ኖሮስ?»

እንዴት እንዳወቀ ጠየቀችው። አንገቱን፣ ክንዱን፣ የተለጠጠውን ሜትር፣ ስፌቱን፣ ሁሉንም ነገራት። ጥግ ይዛ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«አልዋሽዎትም» አለችው። «ቀደም ብሎ ቢመጣ ይሻል ነበር። ግን ደግሞ ሌላ አንድ ወር ቢቆይ ኖሮ በእግሩ አይመጣም ነበር፤ ተሸክማችሁ ነበር የምታመጡት። ያመጡትም እርስዎ ነዎት። ሁለቱም እውነት ነው።»

ጠመኔ ሁለቱንም ይዞ ቤቱ ገባ። የሚከብደው የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ሱቁን ሳይከፍት፣ እህል ሳይቀምስ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ይሄዳል። ሬዲዮ አልጋ አጠገብ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሬዲዮ ለሁሉም ያወራል። ለነርሷ ያወራል፣ ምግብ ለምታመላልሰው ሴት ያወራል፣ ከጎኑ ለተኙት ሽማግሌ ያወራል፤ ሽማግሌው ጆሯቸው አይሰማም፤ ያም አላገደውም። ለጠመኔ ብቻ ምንም አይለውም። ጠመኔ «እንዴት አደርክ?» ሲለው ወደ መስኮቱ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም እንዲልለት የተመኘው ሰው ዝም ሲለው ጠመኔ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበ። «ስደበኝ እንጂ!» አለው በሦስተኛው ቀን። አልሰደበውም።

መምህርቷ ደረጃው ላይ ሸኘችው። «ተወው፣ ፈርቶ ነው» አለችው። «ኩላሊቱን ፈርቶ፣ ንዴቱን ባንተ ላይ አሳረፈው። ካንተ ሌላ በማን ላይ ያሳርፍ?»

«ኩላሊቱ ባይመለስስ?»

«ያኔም ነገ ትመጣለህ» አለችው።

በሁለተኛው ቀን ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በሦስተኛው ትንሽ ወረደ፤ ሐኪሟ ግን ገና ነው አለች። በአራተኛው ማሽኑ ተበላሽቶ ውጤት ሳይመጣ ዋለ፤ ያን ቀን ጠመኔ የአንድ ሰው እጅጌ ገልብጦ ሰፋ፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቶ አያውቅም።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ የምግብ ሴትዮዋ የቁርስ ትሪውን አስቀምጣ እንደወጣች ሐኪሟ ገባች። እጇን አላሻሸችም። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ነው የገባችው።

«ከግማሽ በታች ወርዷል» አለች። «በሁለት ቀን! ኩላሊትዎ እየሠራ ነው አባቴ። ከዚህ ወዲህ ወደ ጤናው እንደሚመለስ እጠብቃለሁ። ቱቦው ለጥቂት ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ የፕሮስቴቱን ቀዶ ጥገና እንሠራለን። ለልጅዎ ምርቃትም ቱቦውን ይዘው መሄድ ይችላሉ።»

መምህርቷ ሐኪሟን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ከዚያ ለልጇ ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። ሐኪሟ መስማት ወደተሳናቸው ሽማግሌ አለፈች። አልጋውና የፕላስቲኳ ወንበር ለብቻቸው ቀሩ። ጠመኔ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ፣ መሬቱን እያየ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ደግሞ ተነፈሰ።

«ቁርስ በልተሃል?» አለ ሬዲዮ።

ጠመኔ ቀና አለ። የሚያየው እሱን ነው።

«አልበላሁም።»

«አምስት ቀን ሙሉ ባዶ ሆድህን ነው እዚህ የምትገተረው?»

«አዎ።»

«አቤት ጅልነት!» ሬዲዮ ትሪውን በክንዱ ገፋ አደረገለት። «እንቁላሉን ብላ፤ ዳቦውን ለእኔ ተው። ስማ፣ ያን መስኮቱ ጋ ያለውን ሰውዬ አየኸው? ዝም ብለህ ብላ፣ እንዳትዞር! ሁለት ሴቶች ይጠይቁታል፤ አንዷ ጠዋት፣ አንዷ ከሰዓት፤ ሁለቱም ሚስቱ ነኝ ይላሉ። ትናንት ሊገናኙ ምንም አልቀራቸውም፣ ነርሷ ናት ያዳነችው። አምስት ቀን ሙሉ ይሄን የምነግረው ሰው አጥቼ ልፈነዳ ነበር እኮ...»

ነርሷ ከወዲያ በኩል «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ተኝቷል» አለች። ሬዲዮ ድምፁን አንዲት ጣት ታህል ቀነሰና ቀጠለ። ጠመኔ እንቁላሉን በትሪው ጠርዝ መታ አድርጎ መላጥ ጀመረ።